ደጅ የሚጠኑ ትናንሽ ምልክቶች

በመሥሪያ ቤትም ሆነ በትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ከፍቶ የሚሠራ ሰው ሁሉ፥ በስክሪኑ ጥግ፥ ከሰዓቱ አጠገብ፥ ተጠጋግተው የተኮለኮሉ ጥቃቅን ሥዕሎችን ሳያይ አይውልም። አንዱ የድምፅ ማጉያ ይመስላል፤ አንዱ የኢንተርኔት መስመር መኖር አለመኖሩን ይናገራል፤ አንዱ የባትሪውን ጕልበት ይመሰክራል፤ ሌላው ደግሞ ቴሌግራም መስኮቱ ቢዘጋም እንኳ ከውስጥ ሆኖ መልእክት እየጠበቀ መሆኑን ያስታውቃል። በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት እዚያው ይገኛል። በዊንዶውስ ላይ ኪይማንን የመሰለ የፊደል መጻፊያ ፕሮግራም ምልክቱን የሚያሳየው በዚሁ ጥግ ነው፤ አሁን ቁልፉን ብንመታ የሚወጣው የግዕዝ ፊደል ይሁን ወይም የላቲን፥ ገና ሳንጽፍ የምናውቀው ወደዚያ ጥግ በመመልከት ነው።

ጥጉ ትንሽ ነው፤ ነገሩ ግን ትንሽ አይደለም። በዚህች ጠባብ ስፍራ ምክንያት የኮምፒዩተር ሊቃውንት ለብዙ ዓመታት ሲከራከሩ ኖረዋል። የክርክሩም ፍሬ ነገር ይህ ነው፤ ቤቱ በአዲስ ሥርዐት በታደሰ ጊዜ፥ በአሮጌው ሥርዐት የገባው ነዋሪ ምን ይደረግ? ይባረር? ይታገሡት? ወይስ አስተርጓሚ ይሰጠው? ይህ ጥያቄ የኮምፒዩተር ብቻ አለመሆኑን አንባቢ ራሱ ይገነዘበዋል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥጉ እንዴት ተፈጠረ

ማይክሮሶፍት የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ዊንዶውስ 95ን ኦገስት 24 ቀን 1995 ለገበያ ሲያቀርብ፥ በስክሪኑ ግርጌ አንድ ረጅም አሞሌ ዘረጋ። በግራው ጫፍ የታወቀው የ«ስታርት» ቁልፍ፥ በቀኙ ጫፍ ደግሞ ሰዓት ተቀመጠ። ከሰዓቱም አጠገብ ፕሮግራሞች ትናንሽ ምልክቶቻቸውን የሚያኖሩበት ስፍራ ተከለለ። ሕዝቡ ይህን ስፍራ «ሲስተም ትሬይ» ብሎ ጠራው፤ «ትሬይ» ማለት እኛ ትሪ የምንለው ዕቃ ነው። የማይክሮሶፍት ባልደረባ የሆነው ሬይሞንድ ቼን ግን በ2003 ባወጣው ጽሑፍ ትክክለኛው ስሙ «የማሳወቂያ ስፍራ» እንጂ ትሪ አለመሆኑን አስረድቷል። ምንም እንኳ ቢያስረዳ ሰሚ አላገኘም፤ እስከ ዛሬም ብዙው ሰው ትሪ ይለዋል።

በዊንዶውስ የተደነገገው አሠራር ቀላል ነበር። ፕሮግራሙ ሥዕሉንና ስሙን ለዊንዶውስ ያስረክባል፤ ሥዕሉን በስፍራው የሚያኖረው ግን ዊንዶውስ ራሱ ነው። ባለቤቱ ሥልጣኑን በእጁ ስለ ያዘ፥ ቤቱን ባደሰ ቍጥር እንግዶቹን ማስወጣት አላስፈለገውም። በዚያ ዘመን ሥርዐት የተጻፈ ፕሮግራም በ2021 በወጣው ዊንዶውስ 11 ላይም ምልክቱን ለማሳየት ይችላል። በዊንዶውስ 2000 ጊዜ ከምልክቱ ላይ እንደ ፊኛ ብቅ ይል የነበረው ማሳወቂያም እንዲሁ ነው። በ2015 ዊንዶውስ 10 ሲወጣ ፊኛው ቀረ፤ ፊኛ እንዲወጣ የሚጠይቀው አሮጌ ፕሮግራም ግን አልተባረረም። ቃሉን ዊንዶውስ ይቀበልና በአዲሱ የማሳወቂያ ሰሌዳ መልክ ያወጣዋል፤ ፕሮግራሙም ልብሱ እንደ ተለወጠለት አያውቅም።

ይሁን እንጂ በር የተከፈተለት ሁሉ ይገባል። የፕሪንተሩ፥ የሙዚቃ ማጫወቻው፥ የቫይረስ መከላከያው፥ አዲስ እትም መውጣቱን የሚጠባበቀው ፕሮግራም ሁሉ፥ ጉዳይ ኖረውም አልኖረውም፥ በጥጉ ላይ መቀመጥ ጀመረ። ከዚህ የተነሣ ዊንዶውስ ኤክስፒ በ2001 ሥራ የፈቱትን ምልክቶች መደበቅ ጀመረ፤ በ2009 የወጣው ዊንዶውስ 7 ደግሞ አዲስ መጦቹን ሁሉ ከአንዲት ትንሽ ቀስት ጀርባ አስቀመጣቸው። ስለዚህ በዊንዶውስ ላይ ምልክት ጠፋብኝ የሚል ሰው አስቀድሞ ያችን ቀስት ተጭኖ ይመልከት።

በአካል የሚቀርብ ባለጉዳይ

ሊኑክስ በተባለው ነፃ ሥርዐት ላይ ግን ነገሩ ሌላ መንገድ ያዘ። በዚያ አንድ ባለቤት የለም። በ1996 ጀርመናዊው ማቲያስ ኤትሪኽ ኬ ዲ ኢ የተባለውን፥ በ1997 ደግሞ ሜክሲካውያኑ ሚገል ደ ኢካዛና ፌዴሪኮ ሜና ግኖም የተባለውን ዴስክቶፕ ጀመሩ። ዴስክቶፕ ስንል መስኮቶቹን፥ አሞሌውን፥ ሰዓቱንና ማሳወቂያውን አሰናድቶ የሚያቀርበውን የፕሮግራሞች ስብስብ ማለታችን ነው። ለአንዱ ዴስክቶፕ የተጻፈ ፕሮግራም በሌላው ላይም እንዲሠራ ስምምነት አስፈለገ፤ ለዚህም ሐቮክ ፔኒንግተን በ2000 ፍሪዴስክቶፕ የተባለውን የመግባቢያ መድረክ አቋቋመ። የጥጉም ደንብ በ2002 በዚሁ ሰው ተጽፎ ቀረበ።

ያን ጊዜ በሊኑክስ ላይ መስኮቶችን ያስተዳድር የነበረው «ኤክስ» የተባለው ሥርዐት ነው፤ ይህም በ1984 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የተጀመረ ነው። በኤክስ ላይ የተደነገገው የጥጉ ሕግ ከዊንዶውስ ጋር ሲነጻጸር ልዩነቱ ግልጽ ነው። ፕሮግራሙ ሥዕሉን አያስረክብም፤ ራሱ በአካል ይመጣል እንጂ። ይኸውም አንዲት በጣም ትንሽ መስኮት ይከፍትና የጥጉ አስተዳዳሪ ማን እንደ ሆነ ይጠይቃል፤ ካገኘውም በኋላ «አስጠጋኝ» ይለዋል፤ አስተዳዳሪውም መስኮቲቱን ወስዶ በአሞሌው ውስጥ ይሰካታል። በመስኮቲቱ ውስጥ የሚሣለውን የሚሥለው ግን ባለቤቷ ፕሮግራሙ ነው። አስተዳዳሪው ምን እንደ ተሣለባት አያውቅም።

ይህ አሠራር በመሥሪያ ቤት ቋንቋ ቢገለጽ፥ ባለጉዳዩ ማመልከቻ ሳይጽፍ በአካል መጥቶ በጸሐፊው ክፍል ወንበር ስቦ እንደ መቀመጥ ያለ ነው። ማን እንደ ሆነ፥ ምን እንደሚፈልግ፥ ጉዳዩ አስቸኳይ ይሁን አይሁን የሚያውቅ የለም፤ ተቀምጦ መታየቱ ብቻ ይታወቃል።

ከዚህም ብዙ ችግር ተወለደ። አሞሌው ጥቁር ሲሆን ምልክቱ በነጭ አራት ማዕዘን ተከቦ ይታያል፤ አሞሌው ከፍ ሲል ምልክቱ ያንኑ ያህል ሆኖ ይቀራል፤ ጥራታቸው ከፍ ያለ አዳዲስ ስክሪኖች ሲመጡም ይደበዝዛል ወይም ያንሳል። አንድ ሰው ሁለት ስክሪን ቢኖረውና በሁለቱም ላይ ምልክቱን ለማየት ቢፈልግ አይቻልም፤ በአካል የመጣ ባለጉዳይ በሁለት ቢሮ ሊቀመጥ አይችልምና። ለዓይነ ስውራን ስክሪኑን በድምፅ የሚያነበው ፕሮግራምም ከዚያች መስኮት የሚያነበውን ስም ለማግኘት ይቸገራል።

ስለ ማሳወቂያም በዚያው ደንብ የተጻፈው እጅግ ጠባብ ነበር። ፕሮግራሙ ለሰው የሚነግረው ነገር ሲኖረው ቃሉን ባንድ ጊዜ መላክ አይችልም፤ በ20 በ20 ባይት እየከፋፈለ ይልከዋል። በዛሬው ዩ ቲ ኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። እንግዲህ ተማሪዎች ሒሳቡን ይሥሩት፤ በአንዱ ፖስታ ውስጥ ስድስት ፊደል ብቻ ይገባል፤ ሰባተኛው ፊደል ሁለት ባይቱ በዚህኛው፥ አንዱ ባይት ደግሞ በሚቀጥለው ፖስታ ሆኖ ለሁለት ተሰንጥቆ ይጓዛል።

በጽሑፍ የሚቀርብ ማመልከቻ

ከዚህ በኋላ መፍትሔ ሆኖ የመጣው ዲ-ባስ የተባለው የመልእክት መስመር ነው። ይህ መስመር ከ2002 ጀምሮ ሲሠራ ቆይቶ የመጀመሪያው ሙሉ እትሙ በ2006 ወጣ። አገልግሎቱ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ያሉ ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው ደብዳቤ እንዲጻጻፉ ማድረግ ነው። እንደ መዝገብ ቤት ነው ቢባል ይቀርበዋል።

በአዲሱ ደንብ ማሳወቂያ የሚፈልግ ፕሮግራም ስምንት ክፍል ያለው አንድ ደብዳቤ ይጽፋል። ስሙን፥ ሥዕሉን፥ አርእስቱን፥ ዝርዝሩን፥ ሰውየው ሊጫናቸው የሚችሉትን ቍልፎች፥ የሚቆይበትን ጊዜና እነዚህን የመሳሰሉትን ሞልቶ ይልካል። አስቸኳይነቱም በሦስት ደረጃ ይለካል፤ ዝቅተኛ፥ መደበኛና እጅግ አስቸኳይ ተብሎ። ከዚህም በላይ ፕሮግራሙ ደብዳቤውን ከመላኩ በፊት «ምን ምን ማሳየት ትችላለህ?» ብሎ ዴስክቶፑን መጠየቅ ይችላል።

ይህ ጥያቄ ለምን እንዳስፈለገ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት አሳይቷል። በ2009 የወጣው የኡቡንቱ 9.04 እትም ማሳወቂያዎቹን ያለ ምንም ቍልፍ፥ ለመታየት ብቻ አድርጎ ሠራቸው። ሳይጠይቅ ቍልፍ ያለበትን ማሳወቂያ የላከ ፕሮግራም በሥራ መካከል ድንገት የሚደነቀር የጥያቄ መስኮት ሆኖ ይወጣ ነበር። በሌላ አነጋገር፥ የቤቱን ደንብ ሳይጠይቅ የገባ እንግዳ ራሱንም ባለቤቱንም አሳፈረ።

የምልክቶቹም ጉዳይ በዚያው በ2009 መልክ ያዘ። የኬ ዲ ኢ ሰዎች «ስታተስ ኖቲፋየር አይተም» የተባለውን ደንብ አወጡ፤ ኡቡንቱም በ2010 በ10.04 እትሙ በዚሁ ላይ የተመሠረተ አሠራር አስገባ። በዚህ ደንብ ፕሮግራሙ በአካል አይመጣም። «ስሜ ይህ ነው፤ ሥዕሌ ይህ ነው፤ የምርጫ ዝርዝሬ ይህ ነው፤ አሁን ያለሁበት ሁኔታ ይህ ነው» ብሎ ይጽፋል። ሁኔታውም ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ዝም ብሎ የተቀመጠ፥ ሥራ ላይ ያለ፥ ወይም ትኵረት የሚፈልግ። ከዚህ በኋላ ሥዕሉን ከአሞሌው ጋር አስማምቶ ማሳየት፥ ዝም ያለውን መደበቅ፥ የሚጣራውን ፊት ማውጣት የዴስክቶፑ ፋንታ ነው። ደብዳቤም ስለ ሆነ በሁለት ስክሪን ላይ ቢገለበጥ ችግር የለውም። በእርግጥም ከአሮጌው ደንብ እጅግ የተሻለ ነው።

ሦስት ቤቶች፥ ሦስት ፍርዶች

እንግዲህ ዋናው ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሣል። አዲሱ ደንብ ወጣ፤ በአሮጌው ደንብ የተጻፉት ፕሮግራሞች ግን አልጠፉም። የአንዳንዱ ጸሐፊ ሥራውን ትቶታል፤ የአንዳንዱ ኩባንያ ተዘግቷል፤ ፕሮግራሙ ግን በብዙ ሰዎች ኮምፒዩተር ላይ በየቀኑ ይሠራል። ሦስት ዴስክቶፖች ሦስት ዓይነት ፍርድ ሰጡ።

የመጀመሪያው የኡቡንቱ ፍርድ ነው። በ2011 ዩኒቲ የተባለውን አዲስ ዴስክቶፕ ሲያወጣ፥ አሮጌዎቹን ምልክቶች በጠቅላላው ከልክሎ ለጥቂቶች ብቻ የስም መዝገብ አዘጋጀ። በጃቫ የተጻፉ ፕሮግራሞች፥ የዊንዶውስ ፕሮግራሞችን በሊኑክስ ላይ የሚያሠራው ዋይን፥ በዚያን ጊዜ እጅግ ይፈለግ የነበረው ስካይፕ በመዝገቡ ገቡ። ስሙ በመዝገቡ ያለ ይግባ፤ የሌለ ይመለስ እንደ ማለት ነው። ይህ ፍርድ ታዋቂውን ጠቀመ፤ ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚያውቁት ፕሮግራም ግን ተናጋሪ አጣ።

ሁለተኛው የግኖም ፍርድ ነው። ግኖም 3 በ2011 ሲወጣ አሮጌዎቹን ምልክቶች ማሳወቂያዎች በሚከማቹበት፥ በስክሪኑ ግርጌ በተደበቀ ስፍራ አኖራቸው። በ2015 በ3.16 እትሙ ማሳወቂያዎቹን ወደ ላይ፥ ከሰዓቱና ከቀን መቍጠሪያው ሥር ሲያዛውር፥ ምልክቶቹን በግራ በኩል ከታች በአንዲት ትንሽ መሳቢያ አስቀራቸው። በሴፕቴምበር 2017 በ3.26 እትሙ ደግሞ መሳቢያዋንም አነሣት። የግኖም ሰዎች ምክንያት አልነበራቸውም ማለት አይቻልም። ምልክቶቹ ትናንሽ ስለ ሆኑ ለመጫን ያስቸግራሉ፤ አንዱ በግራ፥ አንዱ በቀኝ የማውስ ቍልፍ ስለሚከፈት ሰውን ያደናግራሉ፤ ብዙዎቹም ይነግሩት የነበረውን ነገር ማሳወቂያው በተሻለ መንገድ ይናገራል። ለሁሉ የሚያስፈልገውንም ግኖም የቤቱ አካል አድርጎታል። ለምሳሌ አይባስ የተባለው የልዩ ልዩ ቋንቋዎች መጻፊያ በ2012 ከግኖም ጋር ስለ ተዋሐደ፥ የቋንቋ መለወጫው ምልክት ከአሮጌዎቹ ጋር አብሮ አልተባረረም፤ በሊኑክስ በአማርኛ የሚጽፍም ሰው በዚህ ተጠቅሟል።

ሦስተኛው የኬ ዲ ኢ ፍርድ ነው፤ በበኩሌ ከሁሉ የሚያስተምረው ይህ ይመስለኛል። ኬ ዲ ኢ በ2014 ፕላዝማ 5 የተባለውን እትም ሲያወጣ እርሱም አሮጌውን ደንብ ጥሎት ነበር። ይሁን እንጂ ቅሬታው በዛ። በዲሴምበር 2015 በወጣው በ5.5 እትም አንድ አስተርጓሚ ፕሮግራም ተጨመረ፤ ጸሐፊው ዴቪድ ኤድመንድሰን ነው። አስተርጓሚው የሚሠራው እንዲህ ነው። በአሮጌው ደንብ ለሚመጡት ሁሉ «የጥጉ አስተዳዳሪ እኔ ነኝ» ይላል፤ መስኮቶቻቸውንም ተቀብሎ በማይታይ ስፍራ ያስቀምጣል። ከዚያም በመስኮቲቱ ውስጥ የተሣለውን ሥዕል ቀድቶ፥ በአዲሱ ደንብ መሠረት ደብዳቤ ጽፎ ለዴስክቶፑ ያቀርባል። ሰው ሥዕሉን ሲጫን ደግሞ ያንኑ መጫን ወደ ተደበቀችው መስኮት ያስተላልፋል። አሮጌው ፕሮግራም በአካል እንደ ቀረበ ያምናል፤ አዲሱ ዴስክቶፕ በጽሑፍ እንደ ተጠየቀ ያያል።

በፍርድ ቤት ደጃፍ ጃንጥላ ዘርግተው የሚቀመጡትን ራፖር ጸሐፊዎች አንባቢ ያውቃቸዋል። ፍርድ ቤቱ በጽሑፍ ካልሆነ አቤቱታ አይቀበልም፤ ባላገሩ ደግሞ መጻፍ አይችልም። በመካከል ያ ጸሐፊ ባይኖር ሕጉ ትክክል ሆኖ ሳለ ፍርድ ይጓደል ነበር። የኬ ዲ ኢ አስተርጓሚ ፕሮግራም ሥራው ይኸው ነው።

ዝምታው የሚያደርሰው ጕዳት

አንዳንድ ሰው «ለአንዲት ትንሽ ሥዕል ይህን ያህል ክርክር ምንድን ነው?» ይል ይሆናል። ነገር ግን ጕዳቱ ከሥዕሉ አይደለም። ብዙዎቹ አሮጌ ፕሮግራሞች መስኮታቸው ሲዘጋ አይቆሙም፤ ወደ ጥጉ ይሸሻሉ እንጂ። ተመልሰው የሚጠሩት በምልክታቸው ነው። አንድ የሒሳብ ሠራተኛ የብዙ ዓመት መዝገብ ያለበትን አሮጌ ፕሮግራም በታደሰ ኮምፒዩተር ላይ ሲሠራ ውሎ መስኮቱን ዘጋው እንበል። ፕሮግራሙ አልቆመም፤ ምልክቱም የለም። እንደ ገና ልክፈተው ቢል ደግሞ አንዳንዱ ፕሮግራም «አንድ ጊዜ ተከፍቻለሁ» በሚል ምክንያት ሁለተኛ አይከፈትም። መዝገቡ በውስጥ አለ፤ በሩ ግን የለም። ሠራተኛው ማንን ይጠይቅ? «ምልክትህ ተከልክሏል» ብሎ የነገረው የለም። አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የራሱ ይመስለውና ያፍራል፤ አለቃው ሳያይበትም ኮምፒዩተሩን አጥፍቶ ያበራል።

ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል። እንዲህ ያለው ዝምታ ግን ወርቅ አይደለም። ደንብ መለወጥ የባለቤቱ መብት ነው፤ አሮጌውን ደንብ መሻሩም ብዙ ጊዜ የሚገባ ነው። የማይገባው፥ በአሮጌው ደንብ የሚመጣውን ሰው አስተርጓሚም ሳይሰጡት፥ በሩ መዘጋቱንም ሳይነግሩት ደጅ ሲጠና ማዋል ነው።

የዘመኑም አካሄድ ጥያቄውን እያጠበበው ነው። ክሪስቲያን ሆግስበርግ በ2008 የጀመረው ዌይላንድ የኤክስን ስፍራ እየወሰደ ይገኛል፤ በፌብሩዋሪ 2024 የወጣው ፕላዝማ 6ም አስቀድሞ የሚከፈተውን ሥርዐት ዌይላንድ አድርጎታል። በዌይላንድ ላይ የአንዱን ፕሮግራም መስኮት በሌላው ውስጥ የሚሰካው አሮጌው አሠራር የለም። ስለዚህ በአካል የሚመጣው ባለጉዳይ ከእንግዲህ ያለ አስተርጓሚ ከቶ ሊገባ አይችልም። ግኖምም ቢሆን በማርች 2023 በ44 እትሙ መስኮት ሳይኖራቸው ከውስጥ የሚሠሩ ፕሮግራሞችን የሚዘረዝር ክፍል ጨምሯል። ዝርዝሩ ሁሉን አያሳይም፤ የሚያሳየው በአዲስ መንገድ ተሰናድተው የሚጫኑትን ብቻ ነው። ቢሆንም «ማን አለ በውስጥ?» የሚለው የሰው ጥያቄ ተገቢ መሆኑን ተቀብሏል ማለት ነው።

እስከዚያው አንባቢ ይህን ቢይዝ ይጠቅመዋል። ኬ ዲ ኢ የሚጠቀም ሰው ምንም ማድረግ አያስፈልገውም፤ አስተርጓሚው አብሮት አለ። ኡቡንቱ የሚጠቀም ሰውም በ2017 ከወጣው ከ17.10 እትም ጀምሮ ምልክቶቹን የሚመልስ ተጨማሪ ክፍል አብሮ ተሰጥቶታል። ፌዶራን ወይም ዴቢያንን ከግኖም ጋር የሚጠቀም ግን «አፕ ኢንዲኬተር» የተባለውን ተጨማሪ ክፍል ፈልጎ ይጫን። የመሥሪያ ቤቱን ኮምፒዩተሮች የሚያድስ ሰው ደግሞ ከማደሱ በፊት አንዲት ጥያቄ ለሠራተኞቹ ያቅርብ፤ «መስኮቱን ከዘጋችሁት በኋላ በጥጉ ላይ የምትፈልጉት ፕሮግራም የትኛው ነው?» ይበላቸው። ጥያቄዋ የአንድ ደቂቃ ናት፤ የብዙ ቀን መንከራተትን ታስቀራለች።